ሐዘን ቤት የገባው ካሴት

ጂዳ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ሙሄ፣ ሸዋ ሮቢት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ እልኸኛ ጆሮዎ እንዴት ነው? አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ደጅዎን ሰው አያሳጣው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይደክመኛል እንጂ አላመመኝም። የምጠብቃቸው መንትዮች ሮጠው የማይጠግቡ ሆነዋል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱም ጋር አልተኛም።

ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለዎት ቆየ። አሁን ደግሞ እዚያ ኔትወርኩ ስለተዘጋ በሰፈር ልጅ ስልክ መልእክት ልኮ ማስነበብ እንኳ አልተቻለም። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በወረቀት መጣሁ። ይህን የምታደርስልዎት ፈይሩዝ ናት፤ ኮንትራቷን ጨርሳ አጣዬ እናቷ ዘንድ ትገባለች።

ጉዳዬን ልንገርዎት። የአባቴ መንዙማ ጠፋብኝ። አንድ የማላውቀው ልጅ ኢንተርኔት ላይ ጭኖት የነበረውን፣ መንትዮቹን ሳስተኛ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማው ነበር። ከመውሊድ ማግስት ብከፍተው የለም። ስሙን ጽፌ ብፈልግ ስልኩ የሌላ ሰው መንዙማ ይደረድርልኛል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን ይከፍትልኛል። ሺህ ድምፅ ይሰጠኛል፣ የአባቴ የሰዲቅ ግን የለበትም። የጫነው ልጅ አጥፍቶት ይሁን ተዘግቶበት አላወቅሁም፤ የምጠይቀውም ሰው የለም።

ካሴት መሸጡን ትተው ሱቁን ሞባይል ቤት ያድርጉት ብዬ ስጨቀጭቅዎት እንደነበር አልረሳሁም። ይሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ብቻ የአባቴን ካሴት ከመደርደሪያው አውርደው ለሆነ ልጅ ይስጡትና በፍላሽ ቀድቶ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። እሱ ሲሞት ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር። መልኩን በፎቶ አውቀዋለሁ፤ ድምፁ ግን ካልሰማሁት ይሸሸኛል።

ጉልበትዎን ስማለሁ።

የእኅትዎ የሐቢባ ልጅ፣ ናጅዋ ሰዲቅ


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለናጅዋ።

ወዐለይኩሙ ሰላም። ባለሽበት አላህ ይጠብቅሽ፤ የሰው አገር እንጀራ አይነቅሽ። እኔ አለሁ። ኅዳር ገብቶም ቀን ቀን ቆርቆሮው ይጠብሰናል። ሽንኩርቱ ደርሷል፤ መንገዱ እየተዘጋ የሚጭነው መኪና ጠፍቶ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ሰው ሁሉ ደክሞታል። ሰላምታ እንኳ አሁን ባጭሩ ሆኗል።

ይሳቁብኝ ብለሻል፤ ስቄያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ አትዘኚ። ኔትወርኩ ከተዘጋ ወዲህ ግማሹ ከተማ ወደ እኔ ሱቅ ተመልሷል። ትናንት “ጋሼ ሙሄ፣ ሙዚየሙ እንዴት ነው?” እያሉ ሲያላግጡብኝ የነበሩ ጎረምሶች ዛሬ “ፊልም ያለበት ሲዲ አለዎት ወይ?” እያሉ ደጄን ያጣብባሉ። አንዱ ካሴት አንስቶ አገላብጦ ካየ በኋላ “ይሄ ስንት ጂቢ ይይዛል?” አለኝ። “ስልሳ ደቂቃ” አልኩት። “ብቻ?” ብሎ አዘነልኝ። የዓለም ዘፈን ሁሉ ስልኬ ውስጥ አለ ሲል የነበረ ልጅ ነው። ሲዘጋ አንድም የራሱ አልነበረም። ይህንኑ ብነግረው “ምክር ሳይሆን ሲዲ ነው የምገዛው” አለኝ። ባለጌ ነው፣ ግን ገዛ።

ወደ አባትሽ ነገር ልምጣ። አንቺ ስትሰሚው የነበረው የካሴቱ ገጽ ለ ነው። አባዝቼ የሸጥኩት እሱን ብቻ ነው፤ ያ ልጅም ከእኔው ካሴት ቀድቶ ጭኖት ይሆናል። ገጽ ሀን አላባዛሁትም። ሁለቱንም ገጽ የቀዳሁት እኔው ነኝ፣ ከጣርማ በር በታች ባለች መንደር፣ በአንድ የሐድራ፣ የዱዓና የመንዙማ ሌሊት፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ። አንቺም ነበርሽበት። እናትሽ አዝላሽ መጥታ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። መሃል ላይ አለቀስሽ፤ አባትሽም ድቤውን አቁሞ ተናገረ። ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ለሽያጭ አይሆንም።

ገጽ ለን ከቀሩኝ ግልባጮች ባንዱ አስቀድቼ እልክልሻለሁ። ታገሺኝ። ስትበይ ቁጭ ብለሽ ብይ።

አጎትሽ ሙሄ


ጂዳ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ሙሄ።

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ቤትዎን በሰላም ይሙላው፤ ለሽንኩርቱም ለሰዉም መንገድ ይክፈት። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሽንኩርቱ ጽፈዋል፣ ስለ ባለጌው ጎረምሳ ጽፈዋል፣ ስለ አባቴ ንግግር ግን “ተናገረ” ብቻ። ምን ብሎ ተናገረ?

ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ስለ አባቴ ድምፅ ይነግረኛል። እዚህ ገበያ ያገኘሁት የከሚሴ ሰው ሳይቀር “የሰዲቅ ልጅ ነሽ?” ብሎ እንባው መጣ። ስለ አባትነቱ ግን የነገረኝ የለም። እናቴን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ስጠይቃት “ሐድራ ሄዶ ነበር” ትለኛለች። ልጅነቴ ያለቀው አባቴ ሐድራ እንደሄደ ነው። ለነቢዩ ያለውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለእኔ ያለኝ አንድ ቃል ግን የለኝም። ይወደኝ እንደሆነ እንኳ የማውቅበት ነገር የለም። አሁን አንቱ፣ እንደ ዋዛ፣ አንድ ቃል ካሴት ላይ አለ ይሉኛል።

ገጽ ለ ይቅርብኝ። በፍላሽም አይቀዳልኝ፤ የሚቀዳው ልጅ ለቅሶዬን ጫጫታ ነው ብሎ ያጠፋብኛል፣ እዚህ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ካሴቱን ራሱን ይላኩልኝ።

እጅዎን ስማለሁ።

ናጅዋ


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለናጅዋ።

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የጾሙን ወር በጤና ያድርስሽ። መልሴ ዘገየ። መንገዱም ነበር፣ ሰውም ጠፋ፣ እኔም ነበርኩ። ወባ ይዞኝ ተኝቼ ተነሳሁ። አሁን ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ያማርረኛል።

ካሴቱ እኔ ዘንድ የለም። አሊዩ አምባ፣ ኑርሃን የምትባል ሴት ቤት ነው። አንድ ወንድ ልጇ በመኪና አደጋ ሞተባት። ደንበኛዬ ነበር፤ የአባትሽን መንዙማ ሲሰማ የሚከፍለውን ረስቶ ይወጣ ነበር። ለለቅሶው ስሄድ ካሴቱን ይዤላት ሄድኩ። ኦርጂናሉን። ግልባጭ ለባለሐዘን መስጠት በእኛ በካሴት ነጋዴዎች ዘንድ ነውር ነው፤ ያረጀ ልብስ እንደመስጠት ይቆጠራል። ሌላም ደንብ አለን። ሐዘን ቤት የገባ ካሴት አይጠየቅም። ባለሐዘኑ ሲበቃው ራሱ ይመልሰዋል፤ እስከዚያ ባለ ካሴቱ ገበያ ላይ ቢያገኘው እንኳ ስለ ካሴት አያነሳም። አንዳንዱ በአርባው ይመልሳል፣ አንዳንዱ በዓመቱ። ኑርሃን አልመለሰችም።

ሞኝነት ነው ትይኝ ይሆናል። አንድ ያለዎትን እንዴት ይሰጣሉ? ትያለሽ። ከአንድ በላይ ቢኖረኝማ መስጠት አይባልም ነበር።

እዚያ ከተገኘ ሁለት ባዶ ካሴትና ቴፕ ውስጥ የምትዞረዋን ቀጭን ጎማ ላኪልኝ። እዚህ ከጠፋች ቆየች። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ ዝም አይነቅዝም።

አጎትሽ ሙሄ


ጂዳ፣ መጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሄ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ወባው ጨርሶ ለቆዎታል? ጾሙ አልከበደዎትም? አላህ ይቀበልዎት። እዚህ ቀን የሚጾም ሌሊት ይበላል፤ እኔ ቀን እየጾምኩ ሌሊት አበስላለሁ። እግሬ አብጧል።

ዝም አይነቅዝም ብለው ጻፉልኝ። ዝም በርግጥ አይነቅዝም፤ ሰው ግን ይነቅዛል። ከጥቅምት ጀምሮ እኔ ስለ አባቴ እጠይቃለሁ፣ አንቱ ስለ አየሩ ይመልሱልኛል። ክፉ ተናግሮ እንደሆነ ገብቶኛል። ደግ ቢሆንማ በመጀመሪያው ደብዳቤ ይነግሩኝ ነበር። ልጅ አይደለሁም ጋሼ፤ በሰው ቤት ስንት ክፉ ቃል ሰምቼ አድሬያለሁ። የማላውቀው ሰው ሲሰድበኝ ችዬ የአባቴን መቻል ያቅተኛል?

ኑርሃንን አይጠይቋት። ልጅ የሞተባት ሴት ካሴቱ ይገባታል። ግን እኔም አባት ሞቶብኛል። ለእኔ ማን ምን ይዞ መጣ? እዚህ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው ቤቱ የት ነው የሚባለው? ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ግን አልሰርዘውም።

ባዶ ካሴቶቹን አሮጌ ገበያ ውስጥ አገኘሁ። የመናዊው ባለሱቅ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ “ሰው ሞቶ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንዲህ እንዳለ አላውቅም፤ አዎ ብዬው ወጣሁ። ጎማውን በግምት ነው የገዛሁት። ከሚመጡት ሴቶች ባንዷ ልኬያለሁ።

ለዒዱ እንኳን አደረሰዎት ብዬ አስቀድሜያለሁ።

ናጅዋ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለናጅዋ፣ ለእኅቴ ልጅ።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እግርሽን በሞቀ ውሃና በጨው ንከሪው። ዒዱ በሰላም አልፏል፤ ዶሮም አርጃለሁ፣ ብቻዬንም በልቻለሁ።

ጎማዋ ትንሽ ሰፋች፤ አጥፌ አሰርኳት፣ ሠራች። ባለ ሁለት ካሴቱን ቴፕ በሽርጥ ጠቅልዬ ተሸክሜ አሊዩ አምባ ሄድኩ። በጣርማ በር ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን ዞሮ፣ በአንኮበር መውረድ ነው። የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ መኪናው ሲቆም ብርዱ አጥንቴን ፈለገው። የቆላ ሰው ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ አንዲት ገብስ ሻጭ ሳቀችብኝ።

ኑርሃን ደጇ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር። አርጅታለች። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ዱባዋ አወራን። እኔ የካሴት ስም አልጠራሁም።

“ካሴቱን ፈልገው ነው የመጡት” አለችኝ።

“ኧረ እኔስ ዘይሬሽ ልሂድ ብዬ ነው” አልኳት።

“ቴፕ በጀርባ ተሸክሞ ነው እንዴ የሚዘየረው?” አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያንቺን ነገር ነገርኳት፤ ስጪኝ ሳልላት፣ እንዲሁ እንደ ወሬ። ሰምታ ስትጨርስ ካሴቱን ከሣጥኗ አወጣች። “እኔ ገና አልበቃኝም፤ አልመልስም። ግን ይቅዱላት። ድምፅ ተካፍለውት አያልቅም” አለች።

ቀዳሁልሽ፤ በሁለተኛው ባዶ ካሴት ላይም አንድ ለመጠባበቂያ። አንደኛው ሲዞር ሌላው እየያዘ፣ በድንጋይ። እዚያ ቦታ ሊደርስ ሲል ተነስቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ስወጣ ኑርሃን ከኋላዬ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ጆሮዬ አልያዘውም።

አሁን ሳትሰሚው ልንገርሽ፤ ከካሴት ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል። ድቤውን አቁሞ “ኧረ ይችን ልጅ አውጡልኝ!” ነው ያለው። በቁጣ። ሰው ሁሉ ፊት። እናትሽ አንገቷን ደፋች። ተነስቼ ከጀርባዋ ተቀብዬ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ቴፑን እንደበራ ትቼው። ጋቢዬ ውስጥ ከትቼሽ በረት አጠገብ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው መጥቶ አስገባት አለኝ፤ መልሼ አስገባሁሽ። ከዚያ ወዲህ ያን ቦታ ሰምቼው አላውቅም። እዚያ ሲደርስ ቴፑን አጠፋው ነበር። ሰዲቅን እወደው ነበር፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ያለው ሰው በልጁ ላይ ሲጮህ መስማት አልፈለግሁም፣ ሌላም ሰው እንዲሰማው አልፈለግሁም። አላባዛሁትም፣ ደግ አደረግሁ እላለሁ እስካሁን።

ካሴቱ ይኸው። ስትሰሚው ብቻሽን አትሁኚ።

አጎትሽ ሙሄ


ጂዳ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ለጋሼ ሙሄ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የሄዱበትን እግር ይባርክልኝ፤ የተሸከሙበትን ጀርባ አያሳምምብኝ። ለኑርሃንም ዱዓዬ ይድረሳት፤ የልጇን ማረፊያ ጀነት ያድርገው።

ካሴቱ እጄ ከገባ ቆየ። ማጫወቻ ግን በዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ የለም። መንትዮቹ አሻንጉሊት መስሏቸው ሊነጥቁኝ ሲታገሉ ክሩን መዝዘውት፣ በእስክርቢቶ መልሼ አጠነጠንኩት። በመጨረሻ የቤቱ ሾፌር፣ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፣ አሮጌ መኪናው ውስጥ ካሴት የሚጎርስ ቴፕ እንዳለው ነገረኝ። ቁልፉን ሰጥቶኝ እሱ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ብቻሽን አትሁኚ ብለውኝ ነበር፤ ብቻዬን ሆንኩ።

አከታትሎ የሚከፍት የለ፣ የሚያሳልፍ የለ። ሽውታው፣ ሳሉ፣ የሴቶቹ እልልታ፣ ውሻ ሲጮህ፣ ሁሉም አለ። አባቴ ግጥሙን ሲያወጣ ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። ስልኩ ላይ ትንፋሽ አልነበረውም። ከዚያ የእኔ ለቅሶ መጣ። ከዚያ “ኧረ ይችን ልጅ አውጡልኝ!” አለ።

ልክ እንዳሉት ነው። አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ መጣ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከመንትዮቹ ጋር ውዬ ሲመሽ እንዲሁ “አውጡልኝ” የምለው ሰው ባገኝ እወድ ነበር። ሰው ሁሉ አባቴን ወሊይ አድርጎ ነው የሰጠኝ። ደክሞት የሚቆጣ ሰው መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

አላጠፋሁትም ጋሼ። አንቱ ወጥተው ስለነበር ያልሰሙትን እጽፍልዎታለሁ፤ አሁንማ ካሴቱን ቢከፍቱትም ጆሮዎ አይይዘውም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

በሩ ይንጓጓል። ለቅሶዬ ይርቃል። እሱ ድቤውን ይመታል፣ ግጥሙን ያነሳል፣ መሃል ላይ ያቆማል። እንደገና ያነሳል፣ እዚያው ላይ ያቆማል። ተቀባዮቹ ይጠብቁታል። አንድ ሽማግሌ “ሰዲቅ፣ ጠፋብህ እንዴ?” ይለዋል። አባቴም “አልጠፋብኝም። ጆሮዬ ውጪ ቀረ” ይላል። ከዚያ፣ “ልጄን መልሱልኝ። ታልቅስ፣ ግድ የለም፤ እዚሁ ታልቅስ” ይላል።

አስገባት ተብሎ ሰው ሲላክብዎት ለብርዱ መስሎዎት ይሆናል። እሱ ነው ያስጠራን። በሩ ሲከፈት ይሰማል፣ አንቱ ሲያስነጥሱ ይሰማል። እኔ እስከ ገጹ መጨረሻ አለቅሳለሁ፤ እሱም ከለቅሶዬ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወጣል።

ካሁን በኋላ የሰዲቅን ካሴት ስጠኝ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ገጽ ሀን ያባዙለት። ሕፃን ያለቅስበታል ብለው አይፈሩ። አባቴ ከነለቅሶዬ ነው የፈለገኝ።

ልጅዎ ናጅዋ